ጊቤ ላይ የሚፈላው መኪና ከጅማ ታሞ የወጣ ነው

(ጅማ ላይ ለሹፌሮችና ለጋራዥ ልጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ስለጠየቃችሁኝ በጽሑፍ አወጣሁት። አነጋገሩን አልቀየርኩትም፤ የተደጋገመውን ብቻ ቀነስኩ።)

አካም ጅርቱ! እንደምን አላችሁ? ከሥራችሁ ሰዓት ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። እዚሁ ጅማ ከተማ ውስጥ መኪናው ሂት አድርጎበት፣ ማለት ከልክ በላይ ሞቆበት፣ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አንድ፣ ሁለት... አራት ሰው። እሺ። ጊቤ በረሃ ላይስ? ይኸው፣ ግማሹ አዳራሽ እጁን አወጣ።

ዛሬ የማወራው ይሄን ልዩነት ነው። ጅማ ለሞተር የምትመች ከተማ ናት፤ ብዙ አትሞቅም። በከተማው ሰፈሮች፣ ከመርካቶ ቆጪ፣ ከቆጪ አጂፕ ስትሉ ብትውሉ የሙቀት ጌጇ መሃል ላይ ቁጭ ብላ ትውላለች። ከዚያ አንድ ቀን ጭነት ይገኛል። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሶኮሩን፣ ሳጃን አልፋችሁ ከአበልቲ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። የጊቤን ወንዝ ድልድይ ተሻግራችሁ የወልቂጤን ዳገት ስትያያዙት ጉድ ይፈላል። ሹፌሩም "ጊቤ አፈላብኝ" ይላል። ጊቤ ግን በሽታውን ገለጠው እንጂ አላመጣውም። መኪናው ከጅማ ሲወጣ ታሞ ነው የወጣው።

ሒሳቡን ቀለል አድርጌ ላሳያችሁ። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጎማ የሚያዞረው ሲሶ ያህሉ ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫ ይወጣል። የቀረው፣ እሱም ወደ ሲሶ የሚጠጋው፣ በውሃው በኩል አድርጎ ከፊት ባለው የውሃ ማቀዝቀዣ፣ በራዲያተር፣ መውጣት አለበት። ራዲያተር ደግሞ ሙቀት የሚጥለው ውስጡ ያለው ውሃ ከሚነፍስበት አየር በበለጠበት ልክ ነው። ውሃው 95 ዲግሪ፣ የጅማ አየር 25 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 70 ነው። ጊቤ ላይ አየሩ 35 ሲሆን 60 ይቀራል። ጋምቤላ ወርዳችሁ 40 ዲግሪ ሲገጥማችሁ 55። ራዲያተሩ ያው፣ ፋኑ ያው፣ ውሃው ያው፤ አቅሙ ግን ጊቤ ላይ በአንድ ሰባተኛ፣ ጋምቤላ ላይ ከአንድ አምስተኛ በላይ ቀነሰ ማለት ነው።   እና ምን ይሆናል? ሩብ አቅሙን ያጣ ራዲያተር ጅማ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሊያኖራችሁ ይችላል። ጭነት ይዞ ከጊቤ መውጣት ግን አይችልም።

እኛ አገር መኪና ሲሞቅ ሁሉም ሰው የሚያየው ውሃውን ነው። ውሃ ጎደለ ወይ? ውሃ ጨምር። ጄሪካን ጫን። ውሃ እኮ ተሸካሚ ነው። ሙቀቱን ከሞተሩ ተሸክሞ ራዲያተሩ ጋ ያደርሳል፤ እዚያ የሚረከበው አየር ነው። የሚረከበው ከሌለ ሸክሙን እንደያዘ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ "ራዲያተሬን ላሳድግ" ብላችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አየሩን ተከተሉ። ከግሪሉ ገብቶ ከሞተሩ ሥር እስኪወጣ ድረስ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የት ላይ እንደሚታገድ፣ የት ላይ እንደሚያመልጥ እዩ።

ይሄን ያወቅኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። የናፍጣ ዶልፊን፣ የቶዮታ ሚኒባስ፣ ነበረችኝ። ትንሽ ሞቅ ማለት ስትጀምር አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ቴርሞስታቱን፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚከፍተውን በር፣ አውጥተው ጣሉት። ቺንጋውን፣ ቀበቶውን፣ ሊቀይሩ ሲፈቱ ደግሞ የፋኑ ዙሪያ ፕላስቲክ ተሰነጠቀ፣ "እሱ እንኳ አያስፈልግም" ብለው ሳይመልሱት ቀሩ። እኔም አልጠየቅኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙሉ ተሳፋሪ ይዤ ከጊቤ ድልድይ ወደ ላይ እየወጣሁ ነው። ጌጇ ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ ድንገት ወረደች። ተመስገን ቀዘቀዘ ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ከወንበሬ ሥር እንፋሎት ጎረፈ። ከኋላዬ ሕፃን የታቀፉ እናት ነበሩ፤ ጩኸታቸው እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የዶልፊኗ ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ግን ጎበጠ። ጌጇ ለምን እንደወረደች የገባኝ በኋላ ነው፤ ውሃው አልቆ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሴንሰሩ ውሃ ካልነካው የሞተሩን ሙቀት በትክክል አይነግራችሁም። ዳገት ላይ ጌጅ ድንገት ከወረደ ደስ አይበላችሁ፤ ቁሙ።

ጊዜውም ተቀይሯል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ማገዱን አሳውቋል። ስለዚህ እጃችን ላይ ያሉት ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። እንደ ልጅ ልንይዛቸው ይገባል።

እዚህ ላይ ንግግሩን አቋርጠን ወደ ግቢው ወጣን። ያልነበራችሁ እንድታዩት ያደረግነውን ልንገራችሁ። ሦስት መኪና አስነስተን በደንብ እስኪሞቁ ጠበቅን። ከዚያ ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ወረቀት በየግሪሉ ፊት ያዝን። ፋኑ እየሠራ፣ አየሩም መንገዱን ይዞ ከሆነ ወረቀቱን ስቦ ግሪሉ ላይ ይለጥፈዋል። ላንድክሩዘሩ ላይ ወረቀቱ ተለጠፈ። አይሱዙው ላይ መሃል ላይ ብቻ ያዘ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ወደቀ። ዶልፊኑ ላይ የትም ቢያደርጉት ወደቀ። ባለቤቱ ወጣት ልጅ ነው፣ ሁለቴ ሦስቴ ራሱ ሞከረው። ሞተሩን አጠፋንና በስልክ መብራት ወደ ውስጥ አየን። የፋኑ ዙሪያ ፕላስቲክ የለም። ከፊት ባለው የኤሲው ማቀዝቀዣ (ኮንዴንሰር) እና በራዲያተሩ መሃል ባለችው ጣት የምታህል ክፍተት ደግሞ የቡና ገለፈት፣ የጤፍ እብቅ፣ የዶሮ ላባና ቀይ አፈር ተጋግሮ ብርድ ልብስ ሠርቷል። ከፊት ስታዩት ንጹሕ ነው፤ በየቀኑ ይታጠባል። ቆሻሻው ያለው ከኋላው ነው። ጅማ ላይ ቡና መፈልፈያ አካባቢ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ይሄን ቦታ በዓመት ሁለቴ ክፈቱት።

አጥቡ ስል ደግሞ በዚያ በኃይለኛው ፖምፕ አይደለም። እሱ ስሶቹን የራዲያተር ክንፎች ያጣምማቸዋል፤ የተጣመመ ክንፍ ደግሞ የተዘጋ በር ነው። ቀስ ባለ ውሃ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እጠቡ። ቆሻሻውን በገባበት መልሳችሁ ማስወጣት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ።

ስለዚያች ፕላስቲክ፣ ሽሮድ ስለምንላት፣ ትንሽ ልበል። ፋን ያለ ሽሮድ ሲዞር ከጎኑ ያለውን የሞተር ክፍል አየር ነው መልሶ መላልሶ የሚያማታው፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚስበው ከፊቱ ባለችው ክብ ላይ ብቻ ነው። ሽሮድ ሲኖር ግን ስቡ በራዲያተሩ ገጽ ሁሉ ይዳረሳል። ከተሰበረች አሠሩ፤ ከሌለች ከአሮጌ ዕቃ ተራ ፈልጉ፤ ከጠፋም ከላሜራ ማሠራት ይቻላል። በራዲያተሩ ጎንና ጎን ያለውን ክፍተትም በስፖንጅ ዝጉት፤ አየር ሰነፍ ነው፣ ማምለጫ ካገኘ በክንፎቹ መሃል አይገባም። ለኔ በሙቅ አገር ከሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ የመጀመሪያውና ርካሹ ይሄ ነው።

ፋኑ ቪስከስ ከሆነ መሃሉ ላይ ያለችውን ክብ ዕቃ እዩ። ውስጧ የሲሊኮን ዘይት አለ፤ ሙቀት ሲሰማት ፋኑን ከሞተሩ ጋር ታያይዘዋለች። ዘይቱ ካለቀ ፋኑ በስንፍና ይንሸራተታል። ሞተሩ እንደሞቀ አጥፉና፣ መጥፋቱን አረጋግጣችሁ፣ በእጃችሁ ግፉት። ከብዶ መቆም አለበት። ሦስት አራት ዙር በነፃ ከዞረ አልቋል። ሻርፕም ነጠላም አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ እዚያ አካባቢ እንዳትጎነበሱ።

ግሪሉ ፊት የሚደረደረው ነገርም አለ። ተጨማሪ መብራት፣ ሰፊ ባምፐር፣ ባንዲራ፣ የተለጠፈ ሰሌዳ፤ ሁሉም ከአየሩ ላይ ይቆርሳል። ኮፈኑን ከመስታወቱ በኩል በወፍራም ሮንዴላ ከፍ የሚያደርጉም አይቻለሁ፣ "ሙቀቱ ይውጣ" ብለው። መኪናው ሲቆም ይወጣል፣ እውነት ነው። ሲሮጥ ግን ከመስታወቱ ሥር ያለው ቦታ አየር የሚታጨቅበት ስለሆነ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከፊት የሚመጣውንም መውጫ ያሳጣዋል።

ወደ ውሃው ልምጣ። ጅማ ላይ ጀበና ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው? 100 ያለ ተሳስቷል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙ መኪና ቴርሞስታት ደግሞ 82 ላይ መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው የሚፈላው ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ነው! ክዳናችሁን ገልብጡና አንብቡ፤ 0.9 ወይም 1.1 የሚል አለበት። የሚይዘው ግፊት ነው፣ ባር በሚባለው የግፊት መለኪያ። ጤነኛ የ0.9 ክዳን ጅማ ላይ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ እንዳይፈላ ያደርገዋል። 20 ዲግሪ በክዳኑ ውስጥ ባለች አንዲት ጎማ! ያቺ ጎማ ከደረቀች፣ ከተሰነጠቀች፣ ወይም አንዱ መንገድ ላይ በላስቲክ ጠቅልሎ ከከደናት፣ መኪናችሁ ጀበና ሆነ ማለት ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ የላይኛው የራዲያተር የጎማ ቱቦ ተጣብቆ ካያችሁትም ክዳኑ ነው፤ ውሃውን ከመጠባበቂያው መልሶ መሳብ አቅቶታል። ቀይሩት። ግን "ከፍ ያለ ግፊት ይሻላል" ብላችሁ ከፋብሪካው ቁጥር አትለፉ፣ አሮጌ የጎማ ቱቦና አሮጌ ራዲያተር አይችለውም።

አንድ በዕድሜ የገፉ ሹፌር፣ ረጅም ጊዜ የቦንጋን መንገድ የነዱ፣ እዚህ ላይ እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ እኔ ቴርሞስታት ሳላስገባ ነው ዘመኔን የነዳሁት፤ የጎጀብን ሸለቆም ስወርድ ስወጣ ኖሬአለሁ" አሉኝ። "ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ በአንዳንድ አሮጌ ሞተር ላይ ያስኬዳል" አልኳቸው። ግን በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲከፈት ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ባለች ሁለተኛ ክዳን ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል። የኔ ዶልፊን የሞተችው እንደዚያ ነው። ደግሞም ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲሠራ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ጋሼም "ታዲያ ሲዘጋብኝስ?" አሉ። ከመግጠም በፊት ድስት ውስጥ ውሃ አፍልቶ በክር አንጠልጥሎ ማየት ነው። ሲከፈት በዓይን ይታያል። ሲገጠም ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን።

ኩላንት የፈረንጅ የበረዶ ነገር ነው የሚል አለ። አይደለም። ንጹሕ ውሃ ብቻውን ሙቀት በመሸከም ይበልጣል፣ ይሄን አልክድም፤ ግን ዝገቱን አይከላከልም፣ የውሃ ፖምፑን አይጠብቅም፣ ቶሎም ይፈላል። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት ሁሉንም ያስታርቃል። ከዚያ በላይ ማወፈር ጥቅም የለውም፣ እንዲያውም ሙቀት መሸከሙ ይቀንሳል። የምትቀላቅሉበት ውሃ የጉድጓድ ባይሆን ይመረጣል፤ ጨው ጨው ያለበት ውሃ ሞተሩ ውስጥ ቅርፊት ይሠራል፣ ያ ቅርፊት ሙቀት አያሳልፍም። አሲድ የሌለበት የባትሪ ውሃ ከሁሉ ይበልጣል።

ቀለሙን አትመኑ፤ አረንጓዴም ቀይም ቀለም ብቻ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጅማ ላይ የቡና ሚዛን የማይገኝበት ሰፈር የለም። አንድ ሊትር በትክክል ለኩና የዕቃውን ክብደት ቀንሳችሁ መዝኑ። ውሃ 1,000 ግራም ገደማ ነው። እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት ከ60 እስከ 80 ግራም ይበልጣል። "ተቀላቅሎ የተዘጋጀ ነው" ብለው የሸጡላችሁ ነገር እንደ ውሃ ከመዘነ ቀለም የገባበት ውሃ ነው የገዛችሁት።

አደራ የምላችሁ ነገር ደግሞ አለ። ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጋችሁ ቤት አታስቀምጡ፣ መሬት ላይም አትድፉ። ልጅ አለ፣ ከብት አለ፣ ውሻ አለ።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ መኪናው ግን ጋምቤላ ይመላለሳል፣ ወይ ሁልጊዜ ከባድ ጭነት ይጎትታል እንበል። ያኔ ራዲያተር ማሳደግ ተገቢ ነው። ቦታ ካለ ቁመቱንና ወርዱን አስፉ፤ ውፍረቱን መጨመር ሁለተኛ ምርጫ ይሁን፣ ምክንያቱም አየሩ የመጀመሪያዎቹን ቱቦዎች ሲያልፍ ሞቆ ስለሚደርስ የኋለኞቹ ብዙም አይጠቀሙም። ክንፎቹ በጣም የተጠጋጉ ራዲያተሮች ሱቅ ውስጥ ያምራሉ፤ በኛ ጭቃና አቧራ ግን ቶሎ ይደፈናሉ። ራራ ያለ ይሻላል። ከመዳብና ከነሐስ የተሠራው ከባድ ነው፣ ግን ቦንጋም በደሌም ላይ በያጅ ይጠገናል። የፕላስቲክ ጭንቅላት ያለው አሉሚኒየም ጥሩ ይሠራል፤ መንገድ ላይ ከተሰነጠቀ ግን ጠጋኝ የለውም። ለገጠር መንገድ እኔ መዳቡን እመርጣለሁ።

የኤሌክትሪክ ፋን መጨመርም ይቻላል፤ ቆሞ ለሚሠራና ከተማ ለሚዞር ይጠቅማል። ጤነኛ ቪስከስ ፋን አውጥታችሁ በርካሽ ኤሌክትሪክ ፋን መተካትን ግን ጭነት ለሚጭን ናፍጣ መኪና አልመክርም። የምትገጥሙት በሪሌይ፣ በፊውዝና በወፍራም ሽቦ ይሁን። ከዚያ ያቺን ወረቀት መልሳችሁ ያዙ፤ ሽቦው ተገልብጦ አየሩን ወደ ፊት የሚገፋ ፋን በዓይኔ አይቻለሁ። ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ዘይቱ ብዙ ጊዜ የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ሥር ነው፣ የራሱን ትንሽ ማቀዝቀዣ ብታደርጉለት ሁለቱም ይተነፍሳሉ። ቁጥር የሚያሳይ ጌጅና ውሃ ሲጎድል የሚጮህ አላርምም ጨምሩ። ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) ላይ ያለችው መርፌ በብዙ መኪና ላይ 80ም ይሁን 100 መሃል ላይ እንድትቆም ተደርጋ የተሠራች ናት፤ ስትንቀሳቀስ ጊዜው አልፏል።

አነዳድም አለ፣ በአጭሩ። ዳገት ላይ ነዳጅ ልቆጥብ ብላችሁ በከፍተኛ ማርሽ አታስጨንቁት። ማርሽ ቀንሱና ሞተሩ ይዙር፤ ፖምፑም ፋኑም አብረው ይፈጥናሉ። ኤሲውን አጥፉ። ጌጇ ከወጣች የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ እናንተ ይሞቃችኋል፣ ሞተሩ ግን ትንሽ ይቀልለታል። ከፈላ ዳር ያዙ። ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ። ስንት ሰው ፊቱን ተቃጥሏል! ግማሽ ሰዓት፣ አርባ ደቂቃ ጥላ ሥር ቁጭ በሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋችሁ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። ተሳፋሪ ቢቆጣ ይቆጣ፤ "እናቴ፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሱኝ" በሉና አስረዱ።

ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መሞከሪያው ጊቤ አይሁን። ወደ ጅረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት አለላችሁ። ቀትር ላይ፣ ጭነት ይዛችሁ፣ የሙቀቱን ቁጥር እያያችሁ ውጡ። ቢፈላ እንኳ ቤታችሁ ቅርብ ነው።

ያ የዶልፊኑ ልጅ ሽሮድ አግኝቶ ቅዳሜ ጠዋት ልንገጥምለት ተቀጣጥረናል። መምጣት የምትፈልጉ ኑ። ስትመጡ የራዲያተር ክዳናችሁን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ፈትታችሁ ያዙ። መፈተሻ ፖምፕ ይዤ እመጣለሁ፤ አንዱን ክዳን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም አልጠይቅም። ወረቀቱን ደግሞ ከራሳችሁ ደብተር።